ሆደ ሰፊ

ጥር ነው። ጠባሴ ላይ ውርጩ ሣሩን ሰብሯል፣
የላቦራቶሪው መስኮት ላብ አውጥቷል።
ከብርድ ልብሱ ፋብሪካ፣ ከሌሊት ጥበቃ
ጋሽ እንግዳ መጡ፣ ፈረቃቸው ሲያበቃ፣
ሆዳቸውን ይዘው።
"ልጄ፣ እስቲ ተመልከች በዚያ መነጽርሽ፣
አንድ ነገር ጎድሎኛል፣ ምን እንደሁ እንጃልሽ።"

ሳል በያዛቸው ቁጥር ፋርማሲ እየዞሩ
ቀይና ቢጫውን ክኒን ሲውጡ ኖሩ፣
ሲሻላቸው ትተው፣ ሲብስ እየጀመሩ።
ጠላት አልሞተም አልልም፤ ሞቷል፤
ግን ከጠላት ጋራ ጎረቤትም አልቋል።

"ስንት ነበሩ?" አሉኝ።
የመንዝ ገብስ ሁሉ በቁና ቢሰፈር፣
ፍሬው ያንሳል፣ አልኳቸው፣ ከአንድ አንጀት ሰፈር።
ሆድዎ ያቃተውን ገለባ ይፈጫሉ፣
ከዱቄቱ ቆንጥረው ኪራይ ይከፍላሉ፤
የአንጀትዎ ግድግዳ የሚበላው ያንን ነው።
ደግሞም የሰውነትዎ ዘብ፣ የሚበዛው፣
የሚያድረው እዚያ ነው፤ እዚያው ነው የሚማረው
ማን ጎረቤት እንደሆነ፣ ማን አጥር የሚዘለው።

"ዘብ?" አሉ። ፈገግ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ሁለት ውሻ ነበረኝ። አንዱን ከቡችላነቱ
በቆርቆሮ ዘጋሁበት፤ ሰው ሳያይ አለፈ ልጅነቱ።
ሌላው በበሬሳ ዳር፣ ከአህያ፣ ከልጅ፣ ከለማኝ
ሲጋፋ አደገ፣ ቁንጫ ወርሮት።
ታዲያ የተዘጋበት ልጄን ነከሰብኝ።
ያኛው እስከ ዛሬ የሚጮኸው
ለሚገባው ብቻ ነው።"

አራት ዓመት የተማርኩትን
በሁለት ውሻ ጨረሱት።

ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።
ከአንጓ እስከ ክርን ሽፍታ፣ ቀይ፣ በጥፍር የታረሰ፤
የገዛ ቤቱን የነከሰ ዘብ።
ሰበቡ ይህ ብቻ ነው ብዬ አልፈርድም፤
የእኔ መነጽር ያን ያህል አያይም።

"እርጎስ? የአንጎለላ እርጎ፣ ቅሉ በወይራ የታጠነ?"
እርጎ ጠበል አይደለም፣ ጋሽዬ፣ አልምልልዎትም፤
ከሚመጡት ብዙው አዳሪ እንጂ ነዋሪ አይሆንም።
ግን ባዶ ቤት ያደረ መንገደኛም
እሳት ጭሮ ይሄዳል።
ባቄላውን፣ ጎመኑን፣ ያልተፈተገውን ገብስ ይጨምሩበት፤
ጎረቤት የሚሰነብተው የሚቀምሰው ሲያገኝ ነው።
ክኒኑን ሐኪም ሳያዝ አይንኩት፤
ካዘዘም እንዳዘዘው ይጨርሱት።

እሺ አሉ። የፋብሪካው ጥሩንባ ጮኸ።
በእኛ አገር የተበደለ "ሆድ ይፍጀው" ይላል፣
የቻለውን ሰው ደግሞ "ሆደ ሰፊ" ይለዋል።
እኔ እስከዚያ ጠዋት
የጠባይ ስም ይመስለኝ ነበር።

እስክሪብቶዬን በትንፋሼ አሙቄ
መዝገቡን ሞላሁ፦
ስም፣ እንግዳ።
ሥራ፣ ዘበኛ።