ዱካ

«ድኛለሁ» አለኝ ጅብሪል፣ ሦስቴ ዘለለና፤
ጉልበቱን በመዳፌ ያዝኩት፣ ይሞቃል ገና።
ከቀፊራ ዓሣ ሻጭ የለመንኩት በረዶ፣
ግማሹ ባጃጅ ውስጥ ቀረ፣ ከፌስታሉ ወርዶ።
አሰልጣኙ ሰዓት ያያል፤ «ለእሁድ ይደርሳል ወይ?»
እኔ ወጌሻ ነኝ፤ ጠንቋይ መሰልኩት ወይ?

ወሰድኩት ወደ ደቻቱ። «ምን ይታይሃል?» አልኩት።
«አሸዋ። ሁለት ፍየል።» «ውሃስ?» «የለም፣ አላየሁት።»
«እዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ ደጋው ላይ ዘንቦ፣
በሌሊት የመጣው ጎርፍ ስንቱን ወሰደ ሰብስቦ?
ያንተም ጉልበት ይኸው ነው።»

ዝም አለ። በማግስቱ አሸዋው ላይ ሶምሶማ ጀመረ።
እሱን ትቼ ዱካውን አነባለሁ፦
ቀኙ ጠልቋል፣ ግራው ነካ አድርጎ ያልፋል።
አፉ «ድኛለሁ» ይላል፤
ዱካው ያነክሳል።