ይገባል ወይ?

ሃያ ሁለት ዓመት በጽሕፈት መኪና
የሰው ሙግት ጻፍኩኝ ሂርማታ ጎዳና፤
መብራት ሄደ መጣ ግድ ሳይሰጣት እሷ፣
ጣቴ ብቻ ነበር ምሳዋና ቁርሷ።

አሁን ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ያውም ከሰው እጅ፣
ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ ልጅ፤
ማጠፊያው የላመ፣ «ሀ»ው የላላ፣
ግን አይታማም ነበር ቻርጅ ከበላ።

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት አይጥ ገብታ
ገመዱን ጨረሰች እንደ አገዳ በልታ።

በማግስቱ ወይዘሮ ሲቲና መጣች፣ ከቆጪ፣
ማመልከቻ ልታስጽፍ።
የቧንቧ ነገር ነው፦
ቆጣሪው ይዞራል፣ ውኃው አይመጣም፤
የሚነፋው አየር ነው፤ እሷ ደግሞ ለአየር አትከፍልም።
ባትሪው ዘጠኝ በመቶ ላይ ነበር።
«ጉዳዩ» ብዬ ሁለት ነጥብ ሳኖር
ጨለመ።

መርካቶ ወረድን። ሸራ ላይ ተነጥፎ
ገመድ ከገመድ ጋር እንደ እባብ ተቃቅፎ።
«ይገባል ወይ?» አልኩት። ከተተና ጫፉን
«ልክክ!» አለኝ ሻጩ፣ እየጠረገ አፉን።
እኔም ልማዴ ነው፤ ማኅተም ከገጠመ፣
ፊርማ ከተገኘ፣ ነገር ተፈጸመ።
እጄ ኪሴ ሲገባ ሲቲና ተቆጣች፦
«ነጂባ ሳታየው ብር እንዳታወጣ!»

ነጂባ የአባ ዱራ ልጅ ናት፤
ከፎቶ ቤቱ ጎን፣ እጅ ሲዘረጋ ግድግዳ የሚነካበት ክፍል፣
ግንባሯ ላይ ማጉያ፣ አመልካች ጣቷ ላይ የብየዳ ጠባሳ።
ቻርጀሩን በጀርባው ገለበጠችው።
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳነብ
ይህችን ደቂቅ ጽሑፍ አላየኋትም።

«ያንተ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አምስት ቮልት ይላል።
ይኼ ሃያ አራት ነው፤ የፕሪንተር ነው፣ ለፕሪንተሩ ተውለት።
ቮልት ግፊት ነው፤ እሱ ላይ ድርድር የለም።
ዋት ዓቅም ነው፤ ቢበልጥ አትፍራ፤
ያንተ ስልሳ አምስት፣ ቻርጀሩ ዘጠና ቢሆን
ላፕቶፑ የሚስበው የራሱን ነው።
ጭንቁ ሲያንስ ነው፦ በአርባ አምስት ብታሠራው
ቻርጀሩ ይግላል፣ ያቃስታል፣
ባትሪህም ቢሞላ በስንት ልመና።
የጫፉን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ደግሞ እይ።
መግባትማ፣ ጋሼ፣ ሁሉም ይገባል።»

ገባኝ አልኩ።
አልገባኝም።
ሲቲና ናት በውኃ የፈታችልኝ፦

«አዌቱ ሞልቶ ሳለ ገንቦዬን ብነክር
ልኳን ትቀዳለች፤ ወንዝ ገንቦ አይሰብር።
ከፏፏቴ በታች ባኖራት ግን ኖሮ
ስባሪ ታቅፌ በገባሁኝ ጓሮ።
ከጭላጭ ምንጭ ደግሞ ሠፈር ከተጋፋ
ምንጩ ነው የሚደርቅ፣ የኛም ጥም ሳይጠፋ።»

ነጂባ ሳቀች፦ «እኛ ይህን አራት ዓመት ተማርነው።»
ከጠረጴዛው ሥር፣ ባለቤቱ የሞተበት አንድ ቻርጀር ወጣ፤
ቮልቱ ያው፣ ዋቱ ዘጠና። ዋጋውን አልናገርም።
ሰካችው።
አይጥ ዓይን የምታህል መብራት በራች፤
«ጉዳዩ»ም ከነሁለት ነጥቡ ቆሞ ጠበቀኝ።

ዝናብ ጀመረ። በላስቲኩ ጥላ ሥር
ልጄ ሚፍታህ ትዝ አለኝ፣ ያለ ሰበብ።
ከቤት ሲወጣ በሩን በቀስታ ነበር የዘጋው።
ፍቅሬ በዛበት እል ነበር ለጎረቤት፤
ብዛቱስ ባልጎዳው፣ ልኩን በቀዳ።
እኔ ግን ከላይ ነበር የማፈሰው፣
ከገደል አፍ፣ እየጮህኩ፣
ልቡ ስንት ቮልት እንደሚችል
አንድ ቀን ገልብጬ ሳላነብ።

«ምነው ቆምክ?» አለች ሲቲና። «ጻፍ እንጂ፦
ቧንቧው ገብቷል፤
ውኃው አልገባም፤
የአየር ሒሳብ ግን ከእኔ አይገባም።»

ጻፍኩ። አንድም ቃል አልቀየርኩም።