ክንድ ከአራት ጣት

ደሴ ላይ ውኃ ችኩል ነው፣ መቶ ሳይሞላው ይፈላል፤
ዘጠና አንድ ላይ፣ ዘጠና ሁለት ላይ፣ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል።
ጧት ጧት ሐረጎን ስወርድ፣ በሚኒባሱ መስኮት፣
ጉሙ መንገዱን ሲውጠው፣ ጠብታ ይሁን እንፋሎት
መለየት ሲያቅተኝ፣
«ይኸው ትምህርቴ» እላለሁ፣
ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲለኝ።

ኮምቦልቻ፣ ከማቅለሚያው ክፍል ጀርባ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ቦይለር፣
ከጎኑ ይመር ሙሔ፣ ከጎኑ ደግሞ ታንከር።
ቀመሬን ይዤ ቀረብኩ፦
የገባው ውኃ ይህን ያህል ኪሎ፣ ግፊቱ ይህ፣ ሙቀቱ ይህ፣
«እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል» አልኩ።
ይመር በመፍቻ አንኳኳው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣
ዝም አለ።
«አብሽሪ» አለኝ፣ «ክንድ ያህል ይጎድላል።»

ማታ ፒያሳ፣ ከክፍሌ፣ ከቀመሬ ጋር ተጣላሁ።
የጥንቱ ቀመር የዋህ ነበር፦ ቅንጣት ሁሉ ብቸኛ፣
ገላ የለው፣ ዘመድ የለው፣ ቢገናኝም መንገደኛ።
ኋላ የመጡት ገላ ሰጡት፣ ጥቂት መሳሳብ ጨመሩለት፤
ለእንፋሎቱ በቃው።
ተራርቆ ለሚኖር ጥቂት ይበቃዋል።
ውኃ ግን ሰኞ ገበያ ነው፣ ትከሻ ለትከሻ፣
የአንዷ ነጠላ ጫፍ በሌላዋ ክርን ተይዞ፤
የኔ ቀመር ለእያንዳንዱ
የመኝታ ቦታ ሰጥቶት ኖሯል!

ስለዚህ ቀነስኩ። ከስፍራው ላይ፣ በአንዲት ፊደል፣ በ«ሐ»፣
የሚፈላበትን ሳታዛባ፣ የእንፋሎቱን ግፊት ሳትነካ፣
«ጠጋ ጠጋ በሉ!» የምትል፣
እንደዚያው ረዳት።

ልኳ ግን ከየት ይምጣ?
ከይመር ደብተር።
በእርሳስ፣ የሠላሳ ዓመት፣ የየዕለቱ ግፊትና ሙቀት፣
በዘንግ የተለካ ከፍታ፣
በኅዳጉም አልፎ አልፎ፦ «ዛሬ ዘምዘም ተወለደች።»
«መብራት የለም፣ ሦስተኛ ቀን።»
«ተኩስ ይሰማል። እሳቱን አጥፍቼ ወጣሁ።»
ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች ነጭ ናቸው።
በኔም ሥዕል ላይ ያን ቦታ ነጭ ተውኩት፣
መስመር አላሳለፍኩበትም።

ማክሰኞ ወርጄ፣ ሳልፈራ አይደለም፣
«ክንድ ከአራት ጣት ይጎድላል» አልኩት።
አንኳኳ። አስጠጋ። ዘንጉን አውርዶ አየ።
«ከሦስት» አለ።
ጻፈው፣ ከጎኑም ስሜን፣ በዚያው እርሳስ።

የቀረችኝን አንዲት ጣት ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ።
ሐረጎ ላይ ጉሙ ነበር።
ረዳቱ «ሒሳብ» አለ።
«ገና ነው» አልኩት።