የኅዳር ዋጋ በሐምሌ

ከሸዋ ሮቢት ፍርድ ቤት፣ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ፣
ጠረጴዛዬ አለች፣ አንድ እግሯ ተጎርዶ፤
በጡብ ደግፌያት ውል እጽፍባታለሁ፣
የሰው ልብ ሲዋልል በቀለም አስራለሁ።

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮ ይደልቃል፤
ማሾው ገና ትናንት ሁለት ቅጠል አውጥቷል።
ሸዋንግዛው መጣ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣
ነጋዴው አህመዲን፣ ዣንጥላ ይዞ፣ ከፊቱ።
“ጻፍልን” አለኝ፣ “ማሾ ሃያ ኩንታል፣
ኅዳር ሚካኤል ሲውል ሚዛን ላይ ይወጣል፤
ለኩንታሉ ስድስት ሺህ። ቢወደድ ቢረክስ
እኔም አላፈገፍግ፣ እሱም አይመለስ።”

ጻፍኩት። ያላበበ፣ ያልታየ ፍሬ
በሩቅ ወር ዋጋ ተሸጦ አደረ ዛሬ።
ገበሬው የፈራው ዋጋው እንዳይወርድ፣
ነጋዴው የፈራው ዋጋው እንዳይነድ፤
ሁለቱ ፍርሃቶች ተቃቅፈው ተኙ
ከአንድ ወረቀት ላይ ፊርማ ሲያገኙ።

ከሰዓት እታገኝ መጣች። እሷ ሌላ ናት፤
ሳታሰላ አትፈርምም፣ ጣቷ ነው ሒሳብ ቤት።
“አህመዲን፣” አለችው፣ “እኔ አልታሰርም፤
በሩን ሽጥልኝ እንጂ ልግባ ብዬ አልምልም።
በኩንታል ሁለት መቶ ይኸው እንካ ቀብዴን፤
አይመለስም፣ ብላው፤ ግን ስማኝ ቃሌን።
ኅዳር ላይ የማሾ ዋጋ ቢንኮታኮት
በአምስት ሺህ ግዛኝ፣ ያለ አንዳች ሙግት፤
ከወጣ ግን ማሾዬን የትም ልሽጠው፣
ቀብዱ ላንተ ይቅር፣ በሩም ይዘጋ እንዲያው።”

የሸዋንግዛው ገመድ ነው፣ ሁለት አንገት ያሰረ፤
የሷ ግን በአንድ ወገን፣ አህመዲን ላይ አደረ።
እሱ ሳቅ አለና ቀብዱን ቆጥሮ ከተተ፤
ሳቁን ያየ ሁሉ ያዘለውን ዕዳ ሳተ።

በማግስቱ ደመላሽ፣ ባጃጁን አቁሞ፣
“እኔም ልሽጥ” አለኝ፣ በስልክ ወሬ ታሞ።
“ማሳህ የታል?” አልኩት። “ማሳ ምን ያደርጋል!
ኅዳር ማሾው ይበዛል፣ ዋጋውም ይወድቃል፤
ለአዲስ አበባው ደላላ ሠላሳ በስድስት ልፈርም፣
ያኔ በአራት ገዝቼ ማስረከብ አይደለም?”
ያስያዘው ዐሥራ ስምንት ሺህ፣ እሱንም የተበደረው፤
መቶ ሰማንያ ሺህ ነው ጫንቃው ላይ ያኖረው።

ትንሽ ቁልፍ የያዘ ሰው ትልቅ ግቢ ያለው ይመስለዋል።

መስከረም ሳይጋመስ ዝናቡ አለፈ፤
ከራሳ እስከ ጀውሃ አበባው ረገፈ።
ዋጋው በየሳምንቱ ደረጃውን ወጣ፤
ስድስት ተኩል፣ ሰባት፣ ከዚያ ስምንት መጣ።
በገበያው ቀን ሁሉ የደመላሽ ስልክ ይጮኻል፦
“ማስያዣህ ሟሟ፣ ጨምር፤ አለዚያ ይዘጋል!”
ጨመረ፣ እቁቡን፤ ጨመረ፣ የእህቱን ጥሎሽ፤
ኅዳር ላይ በእግሩ መጣ፣ ያለ ባጃጅ፣ ደመላሽ።

የሚካኤል ለት፣ ከመጋዘኑ ደጃፍ፣
ሸዋንግዛው አየኝ፣ ጆንያው ላይ ሲደገፍ፦
“አርባ ሺህ ብሬን፣” አለ፣ “በላኸው በወረቀት፤
ምናለ ያን ቀን እጅህን ይዞህ ቢሆን ቁርጥማት!”
አልኩት፦ “የሸጥከው ማሾ፣ የገዛኸው እንቅልፍ፤
ዋጋው ወድቆ ቢሆን ስቀህ ነበር የምታልፍ።”
አልተቀበለኝም። እኔም ብሆን እንጃ።

እታገኝ በስምንት ሸጣ አለፈች። ቀብዷስ?
“ዝናብ ባይመጣ፣ ዣንጥላ ገዛሁ ተብሎ ይለቀስ?”

ደመላሽ ከጎኔ ተቀመጠ ዝም ብሎ፣
ከጆንያ ያመለጠች ማሾ በጣቱ አንከባሎ።
“ያን የሷን ቀብድ፣” አለኝ፣
“ጻፍልኝ አልልህም። አስረዳኝ።”
ጠረጴዛዬን ሳብኩ። ጡቧ ሸሸች።
ጎንበስ ብሎ መለሳት።