አባሪ አንድ ገጽ

ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፤ ደሴ።
ጉዳዩ፦ ቅጹ ላይ ቦታ ያጣ፣ ትንሽ ወሬ ከራሴ።

ቅጹን ሞልቻለሁ፣ ማኅተሙም አርፏል፣
በስድስቱም ዓምድ ቁጥሩ ተሰልፏል፤
ስንት ልጅ ገብቷል፣ ስንት ወንበር ጎድሏል፣
የስንቱ ክፍል ጣራ በነፋስ ተነቅሏል።
ግን አንድ ነገር ቀረ፤ መስመሩ ጠበበኝ፣
የገራዶን አቀበት እስክወጣ ያሳሰበኝ።

ያ «ያቋረጡ» የሚለው ዓምድ፣ አራተኛው፣
ሰኪናን በአንድ ጭረት የቆጠራት እሱ ነው።
ሰኪና ይመር፤ ስምንት ለ፤ ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት፣
በደላላው ወረቀት ላይ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት።
«ዝናብ ከባሕር ነው የሚነሣው ብለዋል፤
ታዲያ ጨውነቱን፣ ጋሼ፣ የት ጥሎታል?»
ብላኝ ነበር ዓርብ ዕለት፣ ደወል ሲደወል።
«ሰኞ እነግርሻለሁ» አልኳት።
ሰኞ ወንበሯ ባዶ ነበር።
አሁን ጀልባ ላይ ሆና ያንን ጨው እየቀመሰችው ይሆናል፣
መልሱን ከእኔ ቀድማ።

ሌላም ልናዘዝ፤ ይኼ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤
በወይራ ዱላ ነበር ያኔ የማስተምረው።
ሥርዓት ማለት ለኔ ዝምታ ነበረ፣
አርባ ልጅ ባንዴ አንገቱን ካቀረቀረ።
ኑርዬ አረፈደ፤ «እጅህን» ስለው ዘረጋ፤
ለካ እናቱን ምጥ ይዟት፣ በቃሬዛ፣ ሳይነጋ፣
አቀበቱን ወጥቶ፣ ሆስፒታል አድርሶ፣
አፉ እህል ሳይቀምስ ነው የመጣው ተመልሶ።
መዳፉ ተልጧል። አላየሁም፤ መታሁ።
አራት። እየቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ ነው ያየሁ።

«ዱላውን ሰበረው» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤
አልሰበርኩትም፤ አለ፤ ሥራ አገኘ ጫፉ፤
የሰባተኛ ሀን መስኮት ደግፎ ይውላል፣
ማጠፊያው ወልቆ ነው፤ ያለ እሱ ይዘጋል።

ሥልጠና ስትጠሩን፣ በፕሮጀክተር ብርሃን፣
«ተማሪ ተኮር» ትላላችሁ፤ ልክ ናችሁ፤ ግን
እኛ ዘንድ አንድ መጽሐፍ የሚከበበው ለአራት ነው፤
ዘምዘም ከወዲያ ማዶ፣ ፊት ለፊት ስለምትቀመጥ፣
ፊደል ገልብጣ ማንበብ ለምዳለች፤
አስተካክዬ ብሰጣት ግራ ገባት፣
መጽሐፉን ራሷ አዞረችው።
ይኼ በየትኛው መመዘኛ ነጥብ ያገኛል?

መምህርት አስናቁ ደግሞ፣ ደመወዝ በዘገየ ወር፣
ልጆቹን ይዛ ወጣች፣ ከሰንደቁ ምሰሶ ሥር፤
ቁመቱን በጥላው አስለካቻቸው።
ከዚያ ወዲህ ያገኙትን ሁሉ ይለካሉ፦
ባሕር ዛፉን፣ የመስጊዱን ሚናራ፣
የእማማ ተዋበችን ግመሬ በሬ፣ እኔን።
አንድ ሜትር ከስልሳ ሆኜ ተገኘሁ፤
ለዓመታት ረጅም እመስላቸው ነበር።
የእናንተ ተቆጣጣሪ በዚያው ቀን መጥቶ
«ክፍለ ጊዜ ባክኗል» ብሎ ጽፎ ሄደ።
እኔ ፈርሜበታለሁ፤ ፊርማዬን ግን አላመንኩትም።

ሃያ ሁለት ዓመት በጠመኔ ትቢያ አስላለሁ፤
ትምህርት ምንድነው ብትሉኝ፣ ዛሬም እንዲህ ነው የምል፦
እንጃ። ግን ልጁ ሲለካኝ ደስ ብሎኛል።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፣
በመጪው ቅጽ ላይ ሰባተኛ ዓምድ እንዲጨመር ነው፤
«ሳይመለሱ ያደሩ ጥያቄዎች» የሚል።
ካልተቻለ፣ ጠመኔ፤ ሁለት ካርቶን ይበቃል።

ከሰላምታ ጋር።

ግልባጭ፦
ለሰኪና ይመር፤
አድራሻዋ ለጊዜው ላልታወቀ።
ጨው አይተንም፣ ልጄ።
የሚነሣው ውሃው ብቻ ነው፤
ጨው እታች ይቀራል።
ይኼን ለማለት አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጀው፤
ዓርብ ዕለት።