የበርክ ስጥ

የወገቤን አጥንት ነቀርሳ ሲበላ፣
ሐኪም የጄሶ ግንብ ሠራለት ከለላ።
አሥራ ስምንት ወር ሙሉ በጀርባ ተኝቼ፣
ፈረንሳይ፣ በርክ ላይ፣ እንደ እህል ተሰጥቼ፣
አህያ በሚስበው አልጋ ላይ ተጭኜ፣
ባሕር አለ ሲሉኝ በድምፁ አምኜ፣
ከሰማይ በስተቀር አላየሁም ነበር።
ኦዲል ናት ያሳየችኝ፣ የኪስ መስተዋቷን ወደ ጎን ስታዞር፦
ጀልባ፣ የመነኩሲት ቆብ፣ እርጥብ የውሻ ጅራት፣
ከዚያም የራሷን ዓይን፤ እሱን ለብዙ ሰዓት።

በመጋዝ ሰነጠቁት ጄሶውን በኅዳር።
ቆምኩ፤ ጉልበቴ ራደ፤ ዝቅ አለብኝ ባሕር።
አልጋ ላይ የቀረችውን ጎንበስ ብዬ ላይ ስል፣
የዳነው ወገቤ እምቢ፣ አልታጠፍ ቢል፣
አሸዋው ላይ ወርጄ ተንበረከክሁ። ኦዲል
ሳቀች፤
መስተዋቷን ትራስ ሥር ሸሸገች።