ዓይነ ቀለበት

ከገፈርሳ ወዲህ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ጣሪያ የሚጠብቅ ፎቅ አለ፣ የቆመ እንደ ጠበቃ።
መስታወት ቀድሞታል፤ ባለቤቱ ችኩል፣
ግድግዳው ሳይለሰን ሰማይ ለጠፈበት፣
ደመናና ባሕር ዛፍ፣ እኩል በእኩል።

ጠዋት ነው፣ ማክሰኞ። ጉም ከጥዱ ወርዶ፣
"ጧ!" አለ መስታወቱ፤ አንድ ነገር ወደቀ፣
ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ከሲሚንቶው ጆንያ ማዶ።

አዳሎ ሮጠ፤ ዘበኛው፤ የቦንጋ ሰው።
ቢጫ ሄልሜቱን ገልብጦ ጎጆ አደረገው።
ጀርባዋ እንደ ቅጠል፣ መርፌ የምታክል አፍ፣
በዓይኗ ዙሪያ ግን ነጭ ክር፣ የእጅ ጥልፍ፣
ቀጭን ቀለበት፣ ሳይበጠስ የዞረ፣
ልጅ በኖራ ግድግዳ ላይ የሞከረ።

ገለበጣት። ሆዷን አየና ፈዘዘ፦
"ይህቺን አውቃታለሁ፤ ዓይኗ ያው ነው፤
ማን ነው ሆዷን ያደበዘዘ?
እኛ ጋ ቢጫ ናት፣ የለጋ ቅቤ ቢጫ፣
ከኮረሪማው ጥላ ስትገባ ፋኖስ ናት፤
ይቺ ምነው ግራጫ?"

አዴ ዳዲ መጡ፣ ወተታቸውን ይዘው፣
"ሲምቢሮ!" አሉ፤ ቀረቡ፣ ዓይናቸውን አጥብበው፤
"ከልጅነቴ ይቺው ናት፤ ከዚህ አጥር፣ ከዚህ ጥድ።
ቢጫ ሆድ? ያ ሌላ ዘር ይሆናል፤
ይቺ የኛ ናት" አሉ፣ እንደ መፍረድ።

ፌሮ አሳሪው ቡልቶ፣ ከመሰላል ላይ ሆኖ፦
"ከመቂ በታች፣ ግራር ላይ፣ አነስ፣ ገርጣ ያለች አለች፤
እሷስ የማን ትሁን? ማን ለክቶ፣ ማን መዝኖ?"

እኔ፣ ሒሳብ ያዡ፣ ደሞዝ ልከፍል የመጣሁ፣
ስልኬን አወጣሁ።
አንዱ ሊቅ ያጋባቸውን ሌላው ሊቅ ያፋታል፤
ቢጫው የት ቆሞ ግራጫው ከየት እንደሚነሳ፣
ካርታው ላይ ነጥብ ነጥብ ብቻ ይታያል።
አላነበብኩላቸውም።
"ኔትወርክ የለም" አልኩ። ዋሸሁ።

አዳሎ በጣቱ ውኃ ጠብ አደረገ፤ አልጠጣችም።
ከጥዱ ውስጥ ጓደኞቿ "ፂይ… ፂይ…" ይላሉ፤ አልመለሰችም።
ክርክሩ የት እንደገባ እንጃ።
ሦስት ራስ በአንድ ሄልሜት ላይ አቀርቅሮ፣
አሥር ግራም የማትሞላ ነፍስ ይጠብቃል፣ ትንፋሹን ቆጥሮ።

ከዚያ ቀለበቱ ጠበበ፣ ሰፋ፤
የሄልሜቱን ከንፈር ረግጣ፣ ነጭ ነገር ጠብ አድርጋ፣
ስትነሳ ወፍ ነበረች፤
ጥዱ ጋ ስትደርስ ቅጠል፤ ከዚያ ዱካዋ ጠፋ።

ማታ፣ ደሞዙን ቆጥሮ፣ ደወለ ወደ ቦንጋ፤
በባዶዎቹ ክፍሎች ድምፁ እየተንጋጋ።
በካፊ ኖኖ ነበር፤ ሲዘጋ ተረጎመልኝ፦
"ያቺ ወፋችን እዚህም አለች፣ ግራጫ ሆና፤
ብርዱ ይሆናል፣ አልኩት ወንድሜን።
'አንተስ?' አለኝ።"

"ምን አልከው?"

ጸጉሩን ዳበሰ። አሥራ አንድ ክረምት።
ሄልሜቱን አጠለቀ፣ ከነጠብታዋ፣
ሊዞር ሄደ፣ በሌለው በር፣ በሌለው ቤት።